ሰፈር ያቀና ለምን ይለቃል?

በዚህ አዳራሽ ውስጥ በዋሽንግተን ዲሲ ጎዳናዎች ታክሲ የነዳችሁ፣ ፓርኪንግ የሠራችሁ፣ ምግብ ቤትና ግሮሰሪ የከፈታችሁ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ አላችሁ። ዛሬ የምናገርለትን ሰፈር፣ ዩ ስትሪትንና በዙሪያው ያለውን የሾው አካባቢ፣ ኖራችሁበት ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችሁ ግን አሁን ቤታችሁ ከከተማው ውጭ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ነው። የዛሬው ጉዳያችንም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ዓላማዬ አንድ ጥያቄ አንሥቼ መልሱን ከእናንተ ጋር መፈለግ ነው። አንድን ሰፈር በክፉ ቀኑ ያልሸሹት፣ ሱቁን ከፍተው፣ ቤቱን ጠግነው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሳይዘጉ ያቆዩት ሰዎች ለሰፈሩ ቀን ሲወጣለት ለምን ይለቃሉ? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሰፈር መለወጡ አይቀርም፤ መለወጡም ብቻውን በደል አይደለም። በደል የሚሆነው ሰፈሩን ያቀኑት ሰዎች ባቀኑት ነገር ላይ አንዳች መብት ሳይኖራቸው ሲቀር ነው። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ሰፈሩ እንዴት እንደቀናና እንዴት እንደተጎዳ፣ ቀጥዬ እንዴት እንደተወደደ፣ ከዚያም እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ታሪክ ውስጥ የት እንደቆምን፣ በመጨረሻ ሰውን በሰፈሩ የሚያጸናው ምን እንደሆነ እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የዋሽንግተን ብቻ አይደለም። ሩት ግላስ የተባለች የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1964 ስለ ለንደን ስትጽፍ፣ ሠራተኞች ይኖሩባቸው የነበሩ ሰፈሮች አንድ በአንድ በመካከለኛው መደብ እየተያዙ መሆናቸውን አሳየች። አሮጌዎቹ ቤቶች ይታደሳሉ፤ ዋጋቸው ይንራል፤ ለውጡ አንዴ ከጀመረም የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች በሙሉ ወይም አብዛኞቹ እስኪወጡ ድረስ ይቀጥላል ብላለች። ለዚህ ያወጣችለት ስም፣ ጀንትሪፊኬሽን፣ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። በዚህ ዓይነቱ ለውጥ ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣው ወታደር ወይም አዋጅ አይደለም። ኪራይ ነው፤ ግብር ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ያልታደሰ ውል ነው። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው፣ በራሱ ቀን፣ በራሱ ምክንያት የወጣ ይመስለዋል። ከዓመታት በኋላ ዘወር ብሎ ሲያይ ነው ጎረቤቱ ሁሉ አብሮት እንደወጣ የሚገባው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክፍል ልግባ። ዩ ስትሪት የቀናው የዘር መለያየት በነገሠበት ዘመን ነው። ጥቁር አሜሪካውያን በመሐል ከተማው ቴአትር እንዳይገቡ፣ ከነጮች ጋር በአንድ ምግብ ቤት እንዳይቀመጡ፣ በብዙ ሰፈሮችም ቤት እንዳይገዙ ሲከለከሉ የራሳቸውን ከተማ በዚህ አቆሙ። በ1867 የተመሠረተው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን፣ ጠበቆችንና መምህራንን አፈራላቸው። በ1903 የተመረቀውን የትሩ ሪፎርመር ሕንጻ የነደፈው ጆን ላንክፎርድ የተባለ ጥቁር አርክቴክት ነው፤ ያሠራውም የጥቁሮች መረዳጃ ማኅበር ነበር። በ1910 ሃዋርድ ቴአትር፣ በ1922 ሊንከን ቴአትር ተከፈቱ። ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡበት፣ ብድርም የሚጠይቁበት የራሳቸው ባንክ ነበራቸው። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን የተቀበለው የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚህ ሰፈር ነው። ከዕድር ባልተናነሰ መረዳዳት የቆመ፣ ደሃውም ሐኪሙም በአንድ መንገድ ላይ የሚኖሩበት ሰፈር ነበር።

በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክሉ ውሎችን ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም አይችሉም ብሎ ወሰነ። ፍርዱ ትክክል ነበር። ነገር ግን አቅም ያለው ወደ ሌሎች ሰፈሮች መውጣት ሲጀምር የዩ ስትሪት ገበያ ሳሳ። ከዚያ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደለ። በዚያው ምሽት በ14ኛውና በዩ ስትሪት መገናኛ የጀመረው ቁጣ ለቀናት ዘለቀ፤ ሱቆች ተቃጠሉ። ከእሳቱ በኋላ የመጣው ከእሳቱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ነበረው። ነጋዴው ሸሸ፤ ሕንጻዎች ተቸንክረው ቀሩ፤ ሄሮይን፣ ቀጥሎም ክራክ ገባ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሜትሮ ባቡሩን መስመር ለመሥራት ጎዳናው ሲቆፈር የተረፈው ገበያም ተመናመነ። በ1958 የተከፈተው ቤንስ ቺሊ ቦውል ግን በዚያ ሁሉ ውስጥ በሩን አልዘጋም። እንደ እርሱ ሁሉ አሮጌ ቤታቸውን ያልሸጡ ቤተሰቦች፣ ፀጉር ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት በቦታቸው ጸኑ።

ይህን ታሪክ በዝርዝር ያነሣሁት አንድ ነገር ለማስጨበጥ ነው። አንድ ሰፈር ርካሽ ነበር ሲባል፣ ርካሽነቱ እንደ ዝናብና ድርቅ ከሰማይ የወረደ ይመስለናል። የዩ ስትሪት ርካሽነት ግን በሰው ውሳኔ የመጣ ነው። ለጥቁር ሰፈር አናበድርም ያሉ ባንኮች፣ ከተቃጠለው ጎዳና ፊታቸውን ያዞሩ ባለሀብቶች፣ ለዓመታት ትኩረት የነፈገ አስተዳደር ዋጋውን ዝቅ አድርገው ያዙት። በኋላ ገንዘብ ይዞ የመጣው ሰው በርካሽ የገዛው ይህን የተጠራቀመ በደል ጭምር ነው። ሰፈሩን ጠብቀው ያቆዩት ሰዎች የከፈሉት ዋጋ በየትኛውም የሽያጭ ወረቀት ላይ አልሰፈረም።

ሁለተኛው ጉዳዬ ሰፈሩ እንዴት እንደተወደደ ነው። ከተማው በ1986 የሪቭስ ማዕከልን፣ ትልቁን የመንግሥት ቢሮ ሕንጻ፣ በ14ኛውና በዩ መገናኛ ላይ አቆመ። በ1991 የዩ ስትሪት ሜትሮ ጣቢያ ተከፈተ። የ2000ዎቹ ዓመታት ሲገቡ ደህና ደመወዝ ያላቸው ወጣት ባለሙያዎች ወደ ከተማ መመለስ ጀመሩ፤ ኮንዶዎች በ14ኛው መንገድ ላይ ተደረደሩ። የዲሲ ሕዝብ በ1950 ከ800,000 በላይ ነበር፤ በ2000 ወደ 572,000 ወርዶ፣ በ2020 ወደ 690,000 ተመለሰ። የተመለሰው ሕዝብ ግን የወጣው ሕዝብ አልነበረም። በ1970 ከከተማው ነዋሪ ከመቶ 70 በላይ የነበረው የጥቁር አሜሪካውያን ድርሻ በ2011 ከግማሽ በታች ሆነ፤ በ2020 ደግሞ ወደ ከመቶ 41 ወረደ።

ውድነቱ ሰውን የሚያስወጣው እንዴት ነው? የመኖሪያ ቤት ያለውን ሰው እንመልከት። ግብሩ የሚሰላው ቤቱ በገበያ ያወጣል በተባለው ዋጋ ነው። ጎረቤት ያለው አሮጌ ቤት ታድሶ በውድ ሲሸጥ፣ ምንም ያላደሱት ጡረተኛ የቤታቸው ግምት ይጨምራል፤ ጡረታቸው ግን አይጨምርም። ከተማው ለአረጋውያን ግማሽ ያህል የግብር ቅናሽና የግምት ጭማሪ ገደብ ስለሠራ ብዙዎች ሊጠለሉበት ችለዋል። የንግድ ቤት ተከራይ ግን ይህን የመሰለ ከለላ የለውም። በዚህ አገር የሱቅ ኪራይ ብዙ ጊዜ ትሪፕል ኔት በሚባል ውል ነው፤ ከኪራዩ በላይ የሕንጻውን ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና የሚከፍለው ተከራዩ ነው። አንድ ምግብ ቤት ጨለማ የነበረን መንገድ አብርቶ፣ ሰው ከሩቅ ስቦ፣ አካባቢውን ተፈላጊ ሲያደርግ የሕንጻው ዋጋ ያድጋል። ዕድገቱ የባለሕንጻው ሀብት ይሆናል፤ በዕድገቱ ምክንያት የመጣው ግብር ደግሞ የባለምግብ ቤቱ ዕዳ ይሆናል። ሰፈሩን ያደመቀው ሰው ስላደመቀው ይከፍላል ማለት ነው። አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት እዚህ ላይ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል።

ከቤቱ ጋር የሚወጣ ሌላም ነገር አለ፤ ድምፅና ልማድ። በሾው፣ በ7ኛው መንገድና በፍሎሪዳ አቬኑ መገናኛ፣ አንድ የስልክ መሸጫ ሱቅ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በውጭ ድምፅ ማጉያ የጎ-ጎ ሙዚቃ ያሰማ ነበር። ጎ-ጎ በዚህች ከተማ ተወልዶ በዚህች ከተማ ያደገ ሙዚቃ ነው። በ2019 ከአዲሶቹ ሕንጻዎች በአንዱ የሚኖር ሰው አቤት በማለቱ ሙዚቃው እንዲጠፋ ተደረገ። ነዋሪዎች «ዲሲን ዝም አታሰኙ» ብለው ተነሡ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በ14ኛውና በዩ መገናኛ ወጥቶ ጨፈረ፤ ሙዚቃውም ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ጎ-ጎ በሕግ የከተማዋ ሙዚቃ ተብሎ ታወቀ። ሕዝቡ አደባባይ የወጣው ለአንድ ሱቅ ድምፅ ማጉያ ሲል ብቻ አልነበረም። አዲስ የመጣ ጎረቤት የነበረውን ሰፈር ልማድ እንደ ጥፋት ሲቆጥር፣ ነባሩ ሰው ቤቱ ውስጥ እያለ እንግዳ ይሆናል። ጸጥታ መፈለግ መብት ነው፤ የጎረቤትን ሕይወት ሳይጠይቁ መዝጋት ግን የመብት አጠቃቀም አይደለም።

ሦስተኛው ክፍል ስለ እኛ ነው፤ ለዚህም ክፍል ልባችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ከ1974 አብዮት በኋላ፣ በተለይም የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ኢትዮጵያውያን ወደዚህች ከተማ በብዛት መጣን። ማማ ደስታ የሚባለው ምግብ ቤት በ1978 በጆርጂያ አቬኑ ተከፈተ፤ ከዚያ በአዳምስ ሞርጋን፣ በ18ኛው መንገድ ላይ፣ የአገራችን ምግብ ቤቶች በዙ። የ18ኛው መንገድ ኪራይ ሲጨምር ብዙዎች ኪራይ ወደሚቀንስበት ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው መንገድ ወረዱ። ተዘግተው የነበሩ ሱቆች ተከፈቱ፤ ማታ ሰው የማይደፍረው መንገድ የቡናና የበርበሬ ሽታ አወደው። የብዙው መነሻ ገንዘብ ዕቁብ ነበር፤ ጉልበቱም የባልና የሚስት ነበር። ይህን ሥራ ማንም ሊያሳንሰው አይችልም።

በ2005 ገደማ በ9ኛው መንገድ ያለው አካባቢ ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ እንዲሰየም ሐሳብ ቀረበ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በሎስ አንጀለስ፣ በፌርፋክስ አቬኑ፣ ይኸው ስያሜ በይፋ ጸድቆ ስለነበር እዚህም ቀላል መስሎ ታይቶ ነበር። የጥቁር አሜሪካውያን መሪዎች ግን ተቃወሙ። ከመካከላችን ያዘነ፣ የተቆጣም ነበር። እኔ ግን ተቃውሟቸው ትክክል ነበር እላለሁ። ያ መንገድ ስም አጥቶ የሚጠብቀን ባዶ ቦታ አልነበረም። ልጆቻቸው ወደ ሜሪላንድ እየወጡ፣ አብያተ ክርስቲያናቶቻቸው ምእመን እያጡ ባሉበት ሰዓት የመንገዱ ስም ወደ ሌላ ሲያልፍ፣ ቢወዱንም እንኳ የመጨረሻው ስንብት ሆኖ ቢታያቸው አይፈረድባቸውም።

ይህን የምለው ለትሕትና ብቻ አይደለም፤ ዕዳም ስላለብን ነው። ጥቁር አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1922 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የአፍሪካን ጥንታዊ ታሪክ ሲያስተምሩ፣ የኢትዮጵያን ታሪክ ከፍ አድርገው ለጥቁር ተማሪዎች አሳይተዋል፤ በ1964ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ጥቁር አሜሪካውያንን ያስተባበሩት፣ በ1937ም የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በኒውዮርክ የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። በጭንቃችን ቀን ለኢትዮጵያ ገንዘብ ያዋጡ፣ የጸለዩ፣ ሰልፍ የወጡ ሰዎች የዚህ ሰፈር ዓይነት ሰዎች ነበሩ። የእኛን መምጫ በር የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም እነርሱ በታገሉለት የሲቪል መብት ዘመን የተወለደ ነው። እኛ በዩ ስትሪት የተጠለልነው የሌላ ሕዝብ መሥዋዕትነት ባቆየው ጣራ ሥር ነው።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ኪራይ እኛንም አገኘን። የ9ኛው መንገድ ውሎች እያለቁ ሲታደሱ ዋጋው ሌላ ሆነ። አንዱ ዘጋ፤ ሌላው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላው ወደ ቨርጂኒያ ሄደ። ቤተሰቡ ቀድሞ ስለወጣ ደንበኛውም አብሮ ራቀ። ያልወጡትን ብትመረምሩ ከብዙዎቹ ጀርባ አንድ ነገር ታገኛላችሁ፤ ገና ርካሽ ሳለ ሕንጻውን ገዝተው ነበር፣ ወይም ረጅም ውል በእጃቸው ነበር። ከጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ጋር የሚያገናኘን የቆዳ ቀለምና የዓድዋ ኩራት ብቻ አይደለም። በአንድ የገበያ ሕግ፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ ተራ በተራ ተገፍተናል።

ይህ ወደ መጨረሻው ክፍል ያመጣናል፤ ሰውን በሰፈሩ የሚያጸናው ምንድን ነው? ሕግ አንዱ ነው። ዲሲ በ1980 ያወጣው፣ ቶፓ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ሕግ፣ ባለሕንጻው የሚከራይ አፓርታማውን ሊሸጥ ሲል ብዙ ጊዜ ተከራዮቹ ለመግዛት ቅድሚያ እንዲያገኙ ያደርጋል። አምስትና ከዚያ በላይ ቤቶች ባሉት ሕንጻ መብቱ የሚሠራው ተከራዮቹ በማኅበር ሲደራጁ ነው፤ ለዚህም የተወሰነ የቀን ገደብ አለው። በዚህ መንገድ የተደራጁ ተከራዮች ሕንጻቸውን ገዝተው የጋራ ባለቤት ሆነዋል፤ ሌሎች ደግሞ ከገዢው ጋር ተደራድረው ኪራያቸውን አስጠብቀዋል። ከ1976 በፊት የተሠሩ ብዙ አፓርታማዎችም በየዓመቱ ሊጨመር የሚችለውን ኪራይ የሚገድብ ሕግ አላቸው። እነዚህ መብቶች በወረቀት ላይ ተኝተው ሰውን አያድኑም። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ በደጅ ተለጥፎ፣ አንብቦ የሚያስረዳ ጠፍቶ፣ ቀኑ ያለፈበት ተከራይ መብት እንዳልነበረው ያህል ነው።

ሁለተኛው ኃይል ከጎረቤት ጋር መቆም ነው። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የሚገኘውን ሳንኮፋ የመጻሕፍት መደብርና ካፌ ለዓመታት አቆይተዋል። ኢትዮጵያዊና ጥቁር አሜሪካዊት ባልና ሚስት የከፈቱት፣ የጥቁር ሕዝቦች መጻሕፍትና ፊልም የሚገኝበት ቤት ነው። የሕንጻው ባለቤት ቢሆኑም የንብረት ግብሩ ሲከብድ ጉዳዩን ለሕዝብ አቀረቡ። በ2019 ደንበኞች፣ ተማሪዎችና ጎረቤቶች ቆሙላቸው፤ የከተማው ምክር ቤትም የግብር እፎይታ ፈቀደ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እወስዳለሁ። ባለቤትነት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ግብሩ ባለቤትንም ያስወጣልና። ሁለተኛ፣ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በልብ የተሳሰረ ድርጅት በችግሩ ቀን ጠበቃ አያጣም።

አገር ቤት ያለውንም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ብዙዎቻችን ያደግንባቸው ሰፈሮች አሁን የሉምና። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ጭምር፣ ሲፈርሱ በስልካችን እያየን አልቅሰናል። መንገዱ ከዲሲ የተለየ ነው፤ በዚያ መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ የሚያስነሣው የኪራይ ጭማሪ ሳይሆን የመንግሥት ውሳኔ ነው። ሥሩ ግን ይመሳሰላል። የ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ለደሃው አነስተኛ ኪራይ ሰጠው፤ የባለቤትነት ቃል ግን አልሰጠውም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በቀበሌ ቤት የኖረ፣ ግድግዳውን በራሱ ገንዘብ የመረገ፣ በዕድሩ ጎረቤቱን የቀበረ ሰው፣ የመነሣት ቀን ሲመጣ ስለ ሰፈሩ ዕጣ የሚጠየቅ ባለድርሻ አልነበረም። የመሬት ማስለቀቂያና ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለባለይዞታ ከሚከፈለው ካሳ መካከል ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚከፈል ካሳን ማስገባቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ጉርብትና ሀብት መሆኑን ሕጉ አምኗል ማለት ነው። ከዚህ አልፎ ሰፈርን ሰፈር ያደረገው ተከራይም እንደ ባለሀብት ሊቆጠር፣ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ሊሰፍር ይገባል እላለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፤ ልደምድም። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ዩ ስትሪት በ2000 የነበረበትን መንገድ እየተከተሉ ነው። የእኛ ምግብ ቤቶች፣ የእኛ ግሮሰሪዎች፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አካባቢውን እያደመቁት ነው፤ ኪራዩም እየተከተለ ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ሱቅ ለመክፈት የጠቀመን ዕቁብ ሕንጻ በጋራ ለመግዛት ይዋል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ ውሉ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ፣ ሕንጻው ሲሸጥ ቅድሚያ እንዳላችሁ ጠበቃ ያንብብላችሁ። በአፓርታማችሁ የተከራይ ማኅበር ካለ ግቡ፤ ከሌለ መሥርቱ፤ እንግሊዝኛ ለማያነቡት አባትና እናት ማስታወቂያውን አንብቡላቸው። የአካባቢያችሁ አስተዳደር ስብሰባ ሲጠራ ተገኙ፤ ስለ ሰፈራችሁ የሚወሰነው እዚያ ነው። ከሁሉ በላይ፣ ከእናንተ በፊት በዚያ የነበረውን ጎረቤት ስሙን እወቁ፤ ታሪኩን ጠይቁ፤ ቤቱን ሊያጣ ሲል ከጎኑ ቁሙ። ሰፈር ማቅናት ችለናል። በሰፈሩ መጽናት የምንችለው ግን መብታችንን አውቀን፣ ገንዘባችንን አዋጥተን፣ ከነባሩ ሕዝብ ጋር ከቆምን ብቻ ነው።